ጉሎ ከአጥር ሥር፣ ፍራሽ ከባሕር ማዶ

ርእሰ አንቀጽ

በካምባ ከደጋው ወደ ቆላው ለሚወርድ መንገደኛ የጉሎ ተክል እንግዳ አይደለም። ማንም ሳይዘራው በየአጥሩ ሥር፣ በየመንገዱ ዳር፣ አመድና ጥራጊ በተደፋበት ሁሉ ይበቅላል። ባለቤት የለውም ቢባል ይቀላል። እናቶቻችን ፍሬውን ቆልተውና ወቅጠው ምጣድ ያስሱበታል፤ ቆዳ የሚያለፋ ሰው ቆዳውን ያለሰልስበታል፤ ከዚህ የተረፈው ፍሬ እዚያው ደርቆ፣ እዚያው ፈንድቶ፣ እዚያው ይወድቃል። በሌላ በኩል እኛ ተማሪዎች በየማደሪያችን የምንተኛበት ስፖንጅ ፍራሽ የሚሠራበት ኬሚካል በበርሜል ታሽጎ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከባሕር ማዶ ይመጣል። እነዚህ ሁለት ነገሮች እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ይመስላሉ። በዚህ እትም ልናሳይ የተነሣነው ግን ዝምድና እንዳላቸው ነው፤ ዝምድናውም የሩቅ አይደለም።

ጉዳዩን ዛሬ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የዘንድሮ ተመራቂዎች የመመረቂያ ጥናታቸውን ርእስ የሚመርጡበት ሰሞን ደርሷል። በየዓመቱ እንደምናየው ከመካከላችን ብዙዎቹ ርእስ የሚመርጡት ያለፈው ዓመት ተማሪ ከጻፈው ላይ አንዲት ቃል በመለወጥ ነው። ጥናቱ ይጻፋል፤ ይጠረዛል፤ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ የሚገልጠው ሰው ቢኖር የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ነው፤ እርሱም የሚገልጠው አንዲት ቃል ለመለወጥ ነው። ይኸን ስንል ማንንም ለመንቀፍ አይደለም። ነገር ግን ገበሬው አባታችን ከልጁ ትምህርት ምን አገኘ ተብለን ብንጠየቅ አፋችንን ሞልተን የምንመልሰው ነገር ሊኖረን ይገባል እንላለን።

እስቲ ከነገሩ ሥር እንጀምር። ቀላልና ቀዳዳማ ዕቃ የሚባለው ነገር ከፋብሪካ የተወለደ አይደለም። የአገራችን ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ቀዳዳማ ነገር እንጀራ ነው። ሊጡ ሲቦካ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ በውስጡ ይፈጠራል። ሊጡ በጋለ ምጣድ ላይ በተዘረጋ ጊዜ ጋዙና እንፋሎቱ ወደ ላይ ሽቅብ ይወጣሉ፤ በዚያው ቅጽበት ሊጡ ራሱ ይበስልና ይረጋል፤ ጋዙ የወጣበት መንገድም ዐይን ሆኖ ይቀራል። ምጣዱ ሳይግል ከተጋገረ ጋዙ አምልጦ ያልቅና እንጀራው ዐይን ሳያወጣ ይቀራል። ሁለቱ ነገሮች፣ ማለት የጋዙ መውጣትና የሊጡ መርጋት፣ በአንድ ጊዜ መግጠም አለባቸው። ይኸን የምትለካ ጋጋሪ ቴርሞሜትር የላትም፤ ልኩ ግን አይስታትም።

የስፖንጅ ፍራሽ ጥበብ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1937 ኦቶ ባየር የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሌቨርኩዘን በሚባለው ከተማ ፖሊዩሬቴን የተባለውን ፕላስቲክ አገኘ። ይኸ ዕቃ ከሁለት ፈሳሾች ይሠራል፤ አንደኛው ፖሊዮል፣ ሁለተኛው አይሶሳያኔት ይባላል። ሁለቱ በተደባለቁ ጊዜ ተያይዘው ይጠጥራሉ። ጥቂት ውኃ የተጨመረበት እንደ ሆነ ደግሞ ውኃው ከአይሶሳያኔቱ ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ይኸውም በእንጀራችን ውስጥ ያየነው ያው ጋዝ ነው። ድብልቁ በደቂቃዎች ውስጥ ከመጀመሪያው መጠኑ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይነፋል፤ ይረጋልም። እኛ የምንተኛበት ዓይነት ፍራሽ አንድ ሜትር ኩቡ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ግራም ቢመዝን ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1000 ኪሎ ግራም መሆኑን አንባቢ ያስታውስ። ስለዚህ በገንዘባችን የምንገዛው ፍራሽ ከመቶ 97 እጅ የሚሆነው አየር ነው ማለት ነው። የተቀረው ሦስት እጅ ግን ሙሉ በሙሉ በዶላር የሚገዛ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ እንደ ወጣ የምናስታውሰው ነው። ከመርካቶ ፍራሽ የገዛ ሰው ይኸን ከእኛ የበለጠ ሊያስረዳ ይችላል።

አሁን ወደ ጉሎ እንመለስ። የዘይት እህሎች ብዙ ናቸው፤ ኑግ አለ፣ ሱፍ አለ፣ ሰሊጥ አለ፣ ተልባ አለ። ለአረፋ ሥራ ግን ከእነዚህ አንዱም እንዳለ አይሆንም። ምክንያቱም ፖሊዮል ለመባል አንድ ዘይት ከአይሶሳያኔት ጋር የሚያያዝበት እጅ ሊኖረው ይገባል፤ ይኸንም እጅ ኬሚስቶች ሃይድሮክሲል ይሉታል። የኑግም ሆነ የአኩሪ አተር ዘይት እንዲህ ያለ እጅ ስለሌለው በፋብሪካ ውስጥ በሌላ ኬሚካል ታክሞ እጅ እንዲያወጣ መደረግ አለበት። አሜሪካኖች በአኩሪ አተር ይኸንኑ አድርገው ፎርድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ሙስታንግ መኪናው መቀመጫ ውስጥ አስገብቶታል። የጉሎ ዘይት ግን እጁን ይዞ የተወለደ ነው። ከዘይቱ ከመቶ 85 እስከ 90 እጅ የሚሆነው ሪሲኖሌይክ አሲድ የሚባለው ነው፤ ይኸ አሲድ አሥራ ስምንት ካርቦኖች በሰንሰለት የተያያዙበት ሲሆን በአሥራ ሁለተኛው ካርቦን ላይ ሃይድሮክሲሉ ተቀምጦ ይገኛል። በብዛት ከሚመረቱት የአትክልት ዘይቶች መካከል ይኸ ዕድል የደረሰው ለጉሎ ብቻ ነው።

የተክሉም አገሩ ሩቅ አይደለም። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው ሩስያዊ የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ ዘር ከሰበሰበ በኋላ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች አንዷ አድርጎ ሲመዘግብ ከጤፍና ከኑግ ጋር ጉሎንም ጽፏል። ዛሬ ግን ከዓለም የጉሎ ምርት እጅግ የሚበዛውን የምታመርት ህንድ ናት፤ ከህንድም ጉጃራት የሚባለው ክፍለ አገር ነው። የእኛ ተመራማሪዎችም ባዶ እጃቸውን አልተቀመጡም፤ ሂሩይና አባሮ የተባሉ የተሻሻሉ የጉሎ ዘሮች አውጥተዋል። ዘሩ ወጥቷል፤ የጎደለው የዘሩ ፈላጊ ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን ከልክ በላይ አናግንነው። ከዚህ ቀደም ስለ ጉሎ የተነገረው ሁሉ የተበላሸው በማጋነን ነውና። እስቲ አብረን እናስላ። ርዝመቱ 190፣ ወርዱ 90፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ የተማሪ ፍራሽ እንውሰድ። አንድ ሜትር ኩቡ 20 ኪሎ ግራም ቢመዝን ፍራሹ ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ከመቶ 60 እጅ ያህሉ፣ ማለት ሁለት ኪሎ ግድም፣ ፖሊዮል ነው። ከፖሊዮሉ አንድ አራተኛው በጉሎ ዘይት ቢተካ ለአንድ ፍራሽ ግማሽ ኪሎ ዘይት ያስፈልጋል። የጉሎ ፍሬ ከክብደቱ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዘይት ነው፤ በገጠር መጭመቂያ ሁሉንም ማውጣት ስለማይቻል ለአንድ ፍራሽ አንድ ኪሎ ተኩል ፍሬ እንበል። ለ10,000 ፍራሽ 150 ኩንታል ይሆናል ማለት ነው። ይኸን ያህል ፍሬ ከአጥር ሥርና ከመንገድ ዳር የሚለቀም ነው፤ ማሳ ማረስ አያስፈልገውም። ግን ደግሞ አንድን ወረዳ የሚያበለጽግ አይደለም። ጉሎ ካምባን ከድህነት ያወጣል የሚል ሰው ቢመጣ ተማሪ የሆነ ሁሉ እርሳስና ወረቀት አውጥቶ ስሌቱን እንዲጠይቀው አደራ እንላለን።

ለምን አንድ አራተኛው ብቻ ይላል ጠያቂ። መልሱ በዘይቱ ጠባይ ላይ ነው። ለስላሳ ፍራሽ የሚሠራበት ፖሊዮል ረጅም ሰንሰለትና ጥቂት እጅ ያለው ነው፤ የሃይድሮክሲል ቁጥሩ ወደ 56 ይጠጋል። ለደረቅ አረፋ፣ ማለት ለማቀዝቀዣ ግድግዳ ለሚገባው፣ የሚያስፈልገው ደግሞ አጭርና ብዙ እጅ ያለው ሲሆን ቁጥሩ ከ300 ይበልጣል። የጉሎ ዘይት ቁጥር 160 አካባቢ ነው። ከሁለቱም አይደለም፤ በመካከል ቆሟል። ብቻውን ቢሠራበት ለመኝታ የሚጠነክር፣ ለግድግዳ የሚለሰልስ ነገር ይወጣል። በዚያ ላይ እጁ በሰንሰለቱ መካከል ላይ ስለሆነ ለመያያዝ ይዘገያል፤ ጋዙ ቀድሞት አምልጦ አረፋው ተመልሶ ይሟሽሻል፤ ምጣዱ ሳይግል እንደ ተጋገረው እንጀራ ማለት ነው። ስለዚህ ለለስላሳው በሌላ ፖሊዮል ማደባለቅ፣ ለደረቁ ደግሞ ከግሊሰሪን ጋር አፍልቶ እጁን ማብዛት፣ ለሁለቱም የሚያፋጥነውን ቅመም ልክ ማግኘት ያስፈልጋል። እነሆ ለመመረቂያ ጥናት የሚሆን ርእስ! አንድ ብቻ አይደለም፤ ለአንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ የሚበቃ ነው። ውድ መሣሪያም አይጠይቅም፤ ሚዛን፣ ማፍሊያ፣ የእጅ ሰዓትና ትዕግሥት ከሞላ ጎደል ይበቃሉ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት መነገር አለበት። ጉሎ የሚተካው ከሁለቱ ፈሳሾች አንዱን ነው። አይሶሳያኔቱ ያው ከነዳጅ ዘይት የሚወጣው፣ ከውጭ የሚመጣው ኬሚካል እንደ ሆነ ይቀራል። እርሱም ጨዋታ አይደለም። ትነቱ ሳንባን ይጎዳል፤ አንድ ጊዜ አስም ያስያዘው ሰው ከዚያ ወዲያ በጥቂቱ እንኳ ሊታመም ይችላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1984 በህንድ በቦፓል ከተማ ሌሊት አምልጦ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የፈጀው ጋዝ የዚሁ ቤተሰብ ነበር፤ በፍራሽ ሥራ ውስጥ የሚገባው ዓይነት እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን የቤተሰቡን ጠባይ ያሳያል። ስለሆነም በትክክል የሚስብ የጭስ ማውጫ በሌለበት ላቦራቶሪ ይኸን ሥራ መጀመር የለበትም። ተማሪው ስለ ጓጓ፣ መምህሩ ስለ ቸኮለ፣ መስኮት ከፍተን እንሥራው ማለት አይገባም። ዩኒቨርሲቲያችን የጭስ ማውጫውን ያስመርምር፤ የማይሠራ ከሆነ ያሠራ፤ እስከዚያ ድረስ ተማሪው ዘይቱን ማውጣት፣ ማጣራትና የሃይድሮክሲል ቁጥሩን መለካት ይችላል። በሌላው ዓለም አይሶሳያኔት ጨርሶ የማይገባበት ፖሊዩሬቴን ለመሥራት ጥረት እየተደረገ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከዘይት ጋር አስተሳስሮ ከአሚን ጋር ማዋሐድ አንዱ መንገድ ነው። ሆኖም ገና ዝግ ያለና ወጪ የሚበዛበት ነው።

እንግዲህ ለመኝታ የሚሆነው ትርፉ ትንሽ ከሆነ ለምን እንደክማለን? በእኛ አስተያየት የጉሎ ትልቁ ጥቅም ከለስላሳው ይልቅ በደረቁ አረፋ ላይ ነው። ለዚህም ምሳሌ ከቅርባችን አለን። የጫሞ ሐይቅ ዓሣ በጠዋት ተጠምዶ ወደ አዲስ አበባ በሚጫንበት ጊዜ ከመበስበስ የሚያድነው በረዶው ብቻ አይደለም፤ በረዶው እንዳይቀልጥ የሚከለክለው የሳጥኑ ግድግዳ ነው። ክትባትም እንዲሁ ነው። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት፤ በካምባ ደግሞ ከመኪና መንገድ ወርዶ በእግር የሚደረስበት ቀበሌ ብዙ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በትከሻዋ አንጠልጥላ የምትወስደው ሳጥን ግድግዳው ውስጥ ያለው ደረቅ አረፋ ነው። ሳጥኑ ሲሰነጠቅ የሚጠግነው የለም፤ ሌላ እስኪመጣ ይጠበቃል። ደረቅ አረፋ ሙቀት እንዳያልፍ በማድረግ የሚወዳደረው ርካሽ ዕቃ ጥቂት ነው። ቀድሞ በዚህ ሥራ ለማንፊያ ይገባ የነበረው ጋዝ የሰማዩን የኦዞን ሽፋን የሚያሳሳ ሆኖ ስለ ተገኘ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ቀርቷል። በውኃ የሚነፋው አረፋ ይኸ ነውር የለበትም፤ ግን ጋዙ ከጊዜ ጋር ቀስ እያለ ወጥቶ አየር ስለሚተካው ቅዝቃዜ የመያዝ ኃይሉ ጥቂት ይቀንሳል። በስንት ወር ምን ያህል ይቀንሳል? በአርባ ምንጭ ሙቀት ውስጥስ? ይኸን በላቦራቶሪያችን ለክቶ የሚነግረን ተማሪ ቢገኝ ለዓሣ ነጋዴውም ለጤና ጣቢያውም ይጠቅማል።

ጉሎ ብቻም አይደለም። ፈረንሳይ አገር የሠራው አንቶኒዮ ፒዚ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 ከግራር ቅርፊት ከሚወጣው ታኒን አረፋ መሥራት እንደሚቻል አሳትሟል። ታኒኑ ፈርፉሪል አልኮል ከሚባለው ፈሳሽ ጋር ተደባልቆ አሲድ ሲጨመርበት ከውስጡ በሚወጣው ሙቀት ራሱን በራሱ ይነፋል። ፈርፉሪል አልኮልም ከእርሻ ተረፈ ምርት ከሚወጣው ፈርፉራል የሚሠራ ነው፤ ፈርፉራልን አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1922 ከአጃ ገለባ ማውጣት ጀመሩ፤ ከበቆሎ ቆረቆንዳና ከሸንኮራ አገዳ አገዳም ይወጣል። እንዲህ ያለው አረፋ እሳት በቀላሉ አይዘውም፤ ጠንቁ ተሰባሪ መሆኑ ነው። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ገበሬው ለከሰል ብሎ የሚተክለው ግራር ቅርፊቱ ታኒን ያለበት ነው፤ የባሕር ዳር ወንድሞቻችን ይኸን ቢያነሡት ደስ ይለናል። የእኛም የእንሰት ቡላ ንጹሕ ስታርች ነው፤ በሌላ አገር ስታርችን በእንፋሎት ነፍተው ለዕቃ ማሸጊያ የሚሆን ቀላል አረፋ ይሠሩበታል፤ በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ ቆሻሻ ሆኖ አይቀርም። ነገር ግን ቡላን ለማሸጊያ እናድርግ ብንል ጋሞ ሁሉ ይስቅብናል፤ ተገቢም ነው። የሰው ምግብ ነዋ! ከዚህ ይልቅ ሙዝ ከተቆረጠ በኋላ በየማሳው የሚጣለው ግንድ፣ እንሰት ከተፋቀ በኋላ የሚቀረው ቃጫ ለአረፋው ማጠንከሪያ ቢሞከሩ የተሻለ ነው። የዶርዜ ሰው ከቀርከሃና ከእንሰት የሚሠራው ቤት ሌሊት ብርዱን፣ ቀን ሐሩሩን የሚከለክለው በግድግዳው ውስጥ አየር ስለያዘ እንደ ሆነ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በደቡብ ገበሬ ዘንድ የጉሎ ስም ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 መንግሥት የባዮ ነዳጅ ስትራቴጂ ካወጣ በኋላ ጉሎ የነገ ነዳጅ ነው ተባለ። በወላይታና ያኔ ጋሞ ጎፋ ይባል በነበረው ዞን ገበሬዎች ከማሳቸው ከፍለው ጉሎ እንዲዘሩ በውል ተጠየቁ፤ ዘሩ ይሰጣችኋል፤ ፍሬው ይገዛችኋል ተባሉ። ለምግብ የሚሆነውን መሬት ለጉሎ የሰጡ ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ የተባሉትን ያህል ምርት አላገኙም፤ የተጠበቀው ገቢም አልመጣም፤ በቆሎ ይበቅልበት የነበረው መሬት ግን ዓመቱን አሳልፏል። ቁራሽ መሬት ላለው ሰው አንድ ዓመት ማለት ምን እንደ ሆነ የገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ነገሩ ተረሳ፤ የተረሳው ግን በከተማ ነው እንጂ በገጠር አይደለም። ዛሬ አንድ ተማሪ ነጭ ካፖርት ለብሶ ጉሎ ጥሩ ነው ቢል፣ ሽማግሌዎቹ በዝምታ ቢመለከቱት ሊደነቅ አይገባውም።

ስለሆነም አቋማችን ግልጽ ነው። ማንም ገበሬ ከማሳው አንዲት ክንድ እንኳ ለጉሎ እንዲሰጥ አንጠይቅም። በአጥር፣ በእርከን ዳር፣ በገደል አፍ ያለው ይበቃል፤ ስሌቱ ከላይ ታይቷል። ሁለተኛም ፍሬው ሳይሆን ዘይቱ ከወረዳው እንዲወጣ ነው የምንሻው። ፍሬ ሸጦ የሚቀር ገበሬ ዋጋውን ሌላ ሰው ይወስንለታል፤ ጭነቱም ግማሹ ለማይረባ ነገር የሚከፈል ኪራይ ነው። በካምባ መንገድ ላይ አንድ ኩንታል ለማጓጓዝ የሚከፈለውን የሚያውቅ ይኸን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አይጠይቀንም። የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች የእጅ መጭመቂያ መሥራት አያቅታቸውም።

ይኸን ስንል ሌላ አደጋ ከፊታችን ይደቀናል። የጉሎ ፍሬ መርዝ አለው። ራይሲን የሚባለው ይኸ መርዝ ፕሮቲን ሲሆን በዘይቱ ውስጥ አይሟሟም፤ ዘይቱ በደንብ ከተጣራና ከሞቀ ንጹሕ ነው። መርዙ የሚቀረው በጭማቂው ፋጉሎ ውስጥ ነው። በአገራችን ደግሞ ፋጉሎ ሲባል ሁሉም የሚያስበው የከብት መኖ ነው፤ የኑግ ፋጉሎ ለላም እንደሚሰጠው ሁሉ የጉሎውን የሰጠ ሰው ላሙን ያጣል። በሙቀት በደንብ ካልተቀቀለ በቀር ለከብት አይሆንም፤ ከተቀቀለም በኋላ ሰውነትን የሚያስቆጣ ነገር አይጠፋበትም። የሚሻለው ለመሬት ማዳበሪያ ማድረግ ነው፤ ለዚያ መልካም ነው። መጭመቂያው ወደ ገጠር ከመሄዱ በፊት ይኸ ትምህርት መቅደም አለበት፤ በጋሞኛ መሆን አለበት፤ በዱቡሻ ፊት፣ ሴቶቹም በተገኙበት መሆን አለበት፤ ፍሬውን የሚለቅሙት፣ ላሟንም የሚያበሉት እነርሱ ናቸውና።

ቅጠሉንም እንዳንረሳ። ኤሪ የምትባለው የሐር ትል የምትበላው የጉሎ ቅጠል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ወጣቶችን በሐርና በማር ሥራ ሲያደራጅ ከመረጣቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የእኛ አካባቢ ነበር። የጋሞ ሸማኔ እጅ ምን እንደሚችል ለመናገር ቦታም አይበቃን። አንድ የአጥር ተክል ቅጠሉ ለሸማኔ፣ ፍሬው ለአረፋ፣ ፋጉሎው ለመሬት ሲሆን ገበሬው በአንዱ ዋጋ ቢወድቅበት በሌላው ይቋቋማል። ይሁንና ቅጠሉ ከመጠን በላይ ከተለቀመ ፍሬው ይቀንሳል፤ ልኩ ስንት እንደ ሆነ የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪዎች ድርሻ ነው።

መምህሮቻችንን በትሕትና የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። የኬሚስትሪ፣ የሜካኒካል ምህንድስናና የዕፅዋት ሳይንስ ክፍሎች የመመረቂያ ጥናትን በየግላቸው ከመስጠት ይልቅ በዚህ ጉዳይ ተማሪዎችን በአንድነት እንዲያሠሩልን ነው። ዛሬ የኬሚስትሪው ተማሪ ዘይቱን ከገበያ ይገዛል፤ የእርሻው ተማሪ ዘሩን ቆጥሮ ይተወዋል፤ የምህንድስናው ተማሪ መጭመቂያ ቢሠራ የሚጨምቀው አያገኝም። ሦስቱም በአንድ ግቢ ይበላሉ፤ በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ፤ ግን አይተዋወቁም። ይኸን ለማስተካከል የሚጠይቀው በጀት አይደለም፤ የሦስት ክፍል ኃላፊዎች አንድ ከሰዓት በኋላ አብሮ መቀመጥ ነው። ሁለተኛው ጥያቄያችን ደግሞ ውጤቱ፣ ያልተሳካውም ጭምር፣ በአማርኛና በጋሞኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ ወደ ካምባ እንዲመለስ ነው። ፍሬያቸውን ሰጥተው ምን እንደ ሆነ የሚነግራቸው ካላገኙ ሁለተኛ አይሰጡንም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይኸን ረቂቅ አይተው፤ ህንድ በሚሊዮን ኩንታል የምታመርተውን እኛ ከአጥር ሥር ለቅመን ልንወዳደር ነውን? ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዓለም ገበያ አንወዳደርም። ነገር ግን በአርባ ምንጭ የዓሣ ሳጥን ለመሥራት፣ የተሰነጠቀ የክትባት ሳጥን ለመጠገን የዓለም ገበያ ምን አገባው? ያ ሥራ ዛሬ ተወዳዳሪ የለውም፤ የሚሠራው ሰው ስለሌለ። ሌሎች ደግሞ ይኸ የትልልቅ ፋብሪካ ጉዳይ እንጂ የተማሪ አይደለም ብለዋል። ለእነዚህ የምንመልሰው አጭር ነው፤ ፋብሪካው ይኸን እንዲሞክር የሚያደርገው በአገር ዘይት የተለካ ቁጥር ሲያይ ነው፤ ቁጥሩን የሚለካው ደግሞ ከእኛ በቀር ማን ነው?

ለጊዜው ዩኒየኑ በራሱ የሚችለውን ጀምሯል። ከካምባና ከአካባቢው የመጣችሁ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ አንድ አንድ ኪሎ የደረቀ የጉሎ ፍሬ ይዛችሁ እንድትመለሱ እንጠይቃለን። የዘይቱ መጠን በደጋና በቆላ ይለያይ እንደ ሆነ ለማየት ስለ ፈለግን ከየት ቀበሌ፣ ከደጋ ወይስ ከቆላ፣ ከአጥር ወይስ ከመንገድ ዳር እንደ ተለቀመ በወረቀት ጽፋችሁ ከረጢቱ ውስጥ ጨምሩ። ፍሬው በጠንካራ ጨርቅ ይታሰር፤ ከምግብ ጋር አይጫን፤ ሕፃናት እንዳያገኙት ይሁን። በዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት ከምሳ በኋላ የሚረከባችሁ ሰው ይኖራል።